በመጀመሪያ እትሞቹ ኅዳግ ላይ

የእህቴን ባል ሰፈሩ ሁሉ «መርማሪው» ይለው ነበር። ሲመረምር ግን ያየው ሰው የለም። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ሆኖ ነው የሠራው። የሰው በር ያንኳኳል፣ ይገባል፣ ግድግዳ ሥር ቁጢጥ ብሎ የቆጣሪውን ክዳን ይከፍታል፣ ቁጥሩን ደብተሩ ላይ ያሰፍራል፣ ይወጣል። በቀን ስድሳ ሰባ ቤት እየገባ የአንዱንም ቤት ወሬ ይዞ አይመጣም። «ዛሬስ እነማንን አገኘህ?» ስንለው ትንሽ ያስብና «የጥጉ ቤት ቆጣሪ ተበላሽቷል» ይለናል። ከእሱ ቃል ከማውጣት ከድንጋይ ውሃ መጭመቅ ይቀላል እል ነበር።

«መርማሪው» ያስባሉት መጻሕፍቱ ናቸው። የድሮ የወንጀል ምርመራ ልቦለዶችን ይሰበስባል፤ ያውም የመጀመሪያ እትማቸውን ብቻ። ነገሩ የጀመረው አንድ ባልቴት ቤት ነው። የቆጣሪያቸው ሳጥን ክዳን እየተንኳኳ ሲያስቸግራቸው መጽሐፍ ወትፈውበት ኖሯል። ሽፋኑ ላይ ቀይ ጃንጥላ የያዘች ሴት ትሮጣለች። ጋሼ፣ እኔ እንዲያ ነው የምለው፣ ካርቶን አጥፎ ወተፈላቸውና መጽሐፉን ለምኖ ወሰደ። ከዚያ አውቶቡሱ መጨረሻ ፌርማታ አጠገብ ወዳሉት አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ዘንድ ሄደ። ሽማግሌው መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያሰሩ፣ ሰውን ሳይሆን መጽሐፍን ቀና ብለው የሚያዩ ሰው ናቸው። ገለጥ ገለጥ አደረጉና «እዚህ ጋ መርማሪው ኮፍያውን አድርጎ ገባ። ሦስት ገጽ ቆይቶ ደግሞ ኮፍያውን መኪና ውስጥ ረስቶ ሊያመጣ ይመለሳል። በሁለተኛው እትም አርመውታል። ስህተቱ ያለበት ነው የመጀመሪያው፤ እሱን ያዝ» አሉት።

የተሳሳተው ከታረመው ይበልጣል ሲባል የሰማሁት ያኔ ነው። በዚህ ሕግ ቢሆን እኔ ራሴ ስንት በተወደድኩ!

እሱ ግን ሕጉን ይዞ ቀረ። በየሳምንቱ ቅዳሜ እዚያ ሱቅ ይሄዳል፤ ቆጣሪ ሊያነብ በገባበት ቤት ሁሉ ደግሞ ዓይኑ ዕቃ ቤት ዕቃ ቤት ያያል። ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው። የፊተኛው ክፍል መስኮት ሥር ጠረጴዛ አለ፣ ከጠረጴዛው ጎን ባለ መስታወት ቁም ሳጥን። ቁም ሳጥኑ የእህቴ የልብስ ቁም ሳጥን ነበር። ልብሷ በር ጀርባ ሚስማር ላይ ተሰቀለና መጻሕፍቱ ቁልፍ ተደረገላቸው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ልብስ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ትከሻው ሲጎብጥ ማየት አልወድም። «እትዬ፣ አንቺ እኮ ሰው አይደለሽም፣ በግ ነሽ» አልኳት። እሷ ሳቀች።

እትዬ ታላቅ እህቴ ናት። አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ የስልክ ኦፕሬተር ነበረች። የእንጀራዋ ገመድ ድምጿ ነው። አንዴ «አቤት» ስትል የሰማ ሰው የሚፈልገውን ቁጥር እስኪረሳ ድረስ ነው ድምጿ ደስ የሚለው። ጋሼን ያገኘችው እዚያው ነው። የሆቴሉ ቆጣሪ ከስልክ ክፍሉ ጀርባ ስለነበር የእጅ ባትሪዋን ተውሶ ገባ፣ አነበበ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ወጣ። ቆጣሪ የሚነበበው በወር አንዴ ነው። እሱ በሳምንቱ ተመለሰ። እትዬ ያኔ ገባት።

ልጅ አልሆነላቸውም። ወሬ ግን ሞልቷቸው ነበር፤ የሁለቱንም ድርሻ እሷ ታወራለች። መጻሕፍቱንም የምታነባቸው እሷ ናት። እሱ በወጣትነቱ ተውሶ ያነበባቸው ናቸውና አሁን የመጀመሪያውን እትም ገልጦ ማንበብ ማስረጀት ይመስለዋል። ለእሷ የሚፈቅደው እጇን ታጥባ፣ አድርቃ፣ መጽሐፉን ከግማሽ በላይ ሳትከፍት ነው። እሷም አንገቷን አጣማ ታነብና ስትጨርስ ከጓዳ «ገዳዩ ሐኪሙ ነው!» ብላ ትጮኻለች። እሱ ጆሮውን ይይዛል። «አንተ ደግሞ ተናገር እንጂ» ስትለው «ዝም አይነቅዝም» ይላታል። «አይነቅዝም፤ ግን ተበልቶም አያጠግብም!» ትለዋለች። እንዲህ ሆነው ሃያ ስድስት ዓመት ኖሩ፤ ደስተኞች ነበሩ። እንዲህ ያለ ጋብቻ እንዴት ደስ እንደሚል አይገባኝም ነበር እንጂ፣ ደስተኞች ነበሩ።

ከዚያ ድምጿ ጎረነነ። ብርድ ነው አልን። ብርዱ ሦስት ወር ቆየ። ሐኪም ቤት ሲያዩዋት ጉሮሮዋ ውስጥ ዕጢ ተገኘ፤ ቀዶ ጥገና ተደረገላትና ዕጢው ወጣ፣ ድምጿም አብሮ ወጣ። ሐኪሙ እኔን ለብቻዬ ጠርቶ የቀራት ጊዜ ብዙ እንዳልሆነ ነገረኝ። እሷ ቤት ስትገባ ነጭ ሰሌዳና ወፍራም ጥቁር ማርከር ገዛሁላት። «ውሃ»፣ «መስኮቱን ዝጉት»፣ «ደህና ነኝ» እያለች በትልልቁ ትጽፋለች፤ እናነባለን፣ በጨርቅ እናጠፋለን።

ጋሼ ጭራሽ ዝም አለ። ከሥራ ሲመለስ ግንባሯን ይስማል፣ መድኃኒቷን ይሰጣል፣ ትራሷን ያስተካክላል፣ ከዚያ ፊተኛው ክፍል ገብቶ ጠረጴዛው ላይ ይደፋል። የመኝታ ቤቱ በር ክፍት ስለሆነ እሷ ከአልጋዋ ጀርባውን ታያለች። እኔም የማየው ጀርባውን ነው። እንደ ድሮው አቧራ በብሩሽ የሚጠርግና ገጽ የጎደለ እንደሆነ የሚቆጥር ይመስለን ነበር። ሌላ ነገር መጀመሩን አንዳችንም አላወቅንም፤ እኔ ያወቅኩት ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። ቤቱ ዝም ባለ ቁጥር ይብስበታል። መጽሐፍ ሻጩ ሽማግሌ ይህን አዩና እጅ የሚያስር ሥራ አስተማሩት። የድሮ ባለቤቶች በእርሳስ የጫጫሩባቸውን መጻሕፍት ማጽዳት ነው። ላጲስ እንደ ሽብልቅ በስሱ ይቆረጣል። ከእጅ ሥር ንጹሕ ወረቀት ይነጠፋል። ከጥራዙ ወደ ዳር፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይፈቀፈቃል፤ ወዲያ ወዲህ ከተባለ አሮጌ ወረቀት ይቀደዳል። ዋናው ደግሞ መጽሐፉ ተገልብጦ መያዙ ነው፤ ራሱ ወደ ታች፣ እግሩ ወደ ላይ። «ካነበብክ ትቸኩላለህ፣ ከቸኮልክ ትቀደዋለህ» አሉት። «ፊደሉን እንደ እድፍ እየው እንጂ እንደ ቃል አትየው።»

እሱም የተባለውን አደረገ። የተጫጫሩ የመጀመሪያ እትሞችን እየገዛ ጠረጴዛው ጥግ ይከምራል፤ በየቀኑ የአንዱን መጽሐፍ ሩብ ያህል ያጸዳል፤ የላጲሱን ፍርፋሪ በወረቀት ሰብስቦ ይጥላል። ያለቀው ቁም ሳጥን ውስጥ ይገባል፣ ይቆለፍበታል።

አንድ ቀን ብርቱካን ጨምቄላት ስመጣ እሷ ጣሪያ ጣሪያ ታያለች፣ እሱ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቷል። ደሜ ፈላ። ፊተኛው ክፍል ገብቼ በሩን ገርበብ አደረግሁና፣

«ጋሼ፣ አንተ ልብ የለህም?» አልኩት። «እህቴ እየሞተች አንተ አቧራ ትጠርጋለህ?»

ቀና ብሎ አላየኝም። እጁን ብቻ ከጠረጴዛው አንስቶ አየር ላይ ይዞ አሳየኝ። ጣቶቹ ይርገፈገፋሉ።

«ሥራ ካልያዘ እንዲህ ነው፣ ትንሿ» አለኝ። ጸጉሬ ሸብቶም «ትንሿ» ነው የሚለኝ። «ይህን እንድታይ አልፈልግም።»

በሩን መልሼ ከፈትኩት። ግን ይቅር አላልኩትም።

በማግስቱ እሱ ሥራ እንደሄደ እትዬ ሰሌዳዋ ላይ «ከክምሩ አንድ መጽሐፍ» ብላ ጻፈችልኝ። ልታነብ መስሎኝ የላይኛውን አመጣሁላት። ትራሷ ሥር እጇን ሰደደችና ከኔ ዕቃ ሣጥን የሰረቀችውን የልብስ እርሳስ አወጣች፤ ጨርቅ ላይ ምልክት የማደርግበትን፣ ለስላሳውን። ከዚያ መጽሐፉን ግማሽ ብቻ ከፍታ፣ ኅዳጉ ላይ፣ ከጥራዙ ጠጋ ብላ በጣም በደቃቁ መጻፍ ጀመረች።

«እንዴ! ይገድልሻል!» አልኳት።

ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ሰሌዳውን አንስታ «ለእሱ ነው። እንዳትነግሪው» አለች።

«ታዲያ ሰሌዳው ላይ አትጽፊለትም?»

«ሰሌዳው ይጠፋል» ብላ ጻፈች። አጠፋችና «ፊቴ ቆሞ ካነበበው ያፍራል፤ ይሸሻል» አለች። እንደገና አጠፋች። «ሁሉንም ገጽ በየተራ ያያል። ይደርስበታል። መርማሪ አይደል?» ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ ሳቋ እንዲያ ነበር ያኔ፣ ድምፅ የሌለው። እኔም አብሬያት ሳቅኩ። ምን እንደጻፈች አላየሁም፤ የባልና ሚስት ነገር ነው ብዬ ፊቴን አዞርኩ።

መጽሐፉን ክምሩ ላይ መለስኩ። እሱ ከሰዓት በኋላ መጣና ተደፋበት።

እትዬ ያን ዕለት ዓይኗን ከጀርባው ላይ አልነቀለችም። ሲጨርስ ገባ፣ ትራሷን አስተካከለ፣ ውሃ ሰጣት። እሷ ፊቱን ታያለች። ደብዳቤ ልኮ መልስ የሚጠብቅ ሰው አስተያየት ነው። እሱ ብርጭቆውን ይዞ ወጣ።

በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ መጽሐፍ አስመጣችኝ። በሦስተኛው ሳምንትም። ቀለል ያለ ሥራ ነበር የኔ፤ ማምጣትና መመለስ። አራተኛውን ጽፋ ከሰነበተች በኋላ ሰሌዳውን ወደኔ አዙራ «ያነበበ ይመስልሻል?» አለችኝ።

«እንዴታ!» አልኳት። «እሱ ገጽ ዘሎ ያውቃል? አንብቦ ሆዱ ውስጥ ቀብሮት ነው። የዝምታውን ነገር ታውቂው የለ!»

እያንዳንዷን ቃል አስታውሳለሁ። ያን ዕለት ምላሴን ቆርጬ በጣልኩት ኖሮ! ራሷን ነቀነቀች፤ እሺ፣ ልክ ነሽ፣ እንደማለት። «ጋሼ፣ የጻፈችልህን አየህ ወይ?» ማለት እንዴት አቃተኝ? አትንገሪው ስላለችኝ ነው? ከእሱ ጋር ስለተኳረፍኩ ነው? ሁለቱም ነው። አፌን ከፍቼ ብጠይቀው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

አምስተኛውን ስትጽፍ እጇ ደክሞ ነበር። እርሳሱን በጡጫዋ አንቃ ይዛ ነው የጻፈችው። ከዚያ በኋላ ሰሌዳውም አስቸገራት። በአሥረኛው ቀን፣ ጠዋት፣ እሱ ጫማውን እያሰረ ሳለ ሞተች።

ቀብሩ ባለፈ በሳምንቱ የታጠበ አንሶላ ይዤላቸው ሄድኩ፤ «ላቸው» እላለሁ እስካሁን። በሩ ገርበብ ብሏል። ጋሼ መስኮቱ ሥር ጠረጴዛው ላይ ተደፍቷል፤ ከፊቱ ያ የመጨረሻው መጽሐፍ። ጀርባው ቀስ እያለ ይንቀሳቀሳል። የእህቴን ቃል እያነበበ የሚያለቅስ መሰለኝ። አንሶላውን ደጃፍ ላይ አስቀምጬ በእግሬ ጣት እየረገጥኩ ተመለስኩ። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ያን ሰው ከልቤ የወደድኩት ያን ቀን ነው።

ወር አለፈ። አንድ እሑድ ጠዋት ልጎበኘው ሄጄ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ከእሱ ጋር ዝም ብሎ መቀመጥ ለምጄ ነበር። ግን እህቴ ናፈቀችኝ።

«ጋሼ፣ ድፍረት ካልሆነብኝ» አልኩት፣ «ከጻፈችልህ ውስጥ አንዱን ብቻ አሳየኝ። እጅ ጽሑፏን ልይ።»

«ምን ጻፈችልኝ?»

«መጻሕፍቱ ላይ ነዋ። ኅዳጉ ላይ፣ በእርሳስ።»

የሰው ፊት እንዲያ ሲሆን አይቼ አላውቅም። አልገረጣም፣ አላለቀሰም። እንደተቀመጠ የሆነ ነገር ከውስጡ የወጣ ይመስል ነበር።

«በእርሳስ» አለ።

«በእርሳስ።»

ተነሣና ቁም ሳጥኑን ከፈተ። ያኔ ነው ሁሉንም የነገረኝ፤ ላጲሱን፣ መገልበጡን፣ ሽማግሌው ያሉትን። እየተናገረ መጻሕፍቱን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ይደረድራል። «ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አላየሁም ትንሿ» ይላል። «እድፍ ነው ያየሁት። አላየሁም።» እኔ እንደ ሞኝ «ሁሉንም?» አልኩት። «ሁሉንም» አለ። ልብ የለህም ያልኩትን ሰውዬ እጁን ይዤ፣ ሁለታችንም ቆመን፣ እኔ አለቀስኩ።

ከለቅሶው መሃል ግን ሙያዬ ትዝ አለኝ። ልብስ ስፌቱ ሲፈታ ክሩ ይወጣል እንጂ የመርፌው ቀዳዳ ይቀራል። አዲስ ስፌት ስሰፋበት የድሮውን መስመር በጣቴ አገኘዋለሁ።

«ወደ መስኮቱ አዘንብለው» አልኩት። «ብርሃኑ ከጎን ይምታው።»

ማጉያ መነጽሩን አመጣ። እኔ ካመላለስኳቸው የመጀመሪያዎቹን አራት መጻሕፍት ገጽ በገጽ አየናቸው። ምንም የለም። እሷ መጽሐፉ እንዳይጎዳበት እርሳሱን እንደ ላባ ነው ያሳረፈችው፤ እሱም ጎበዝ አጽጂ ነበር። ከሽማግሌው ይልቅ ንጹሕ ነው ሥራው ተብሎ ተመስግኗል። አንዲት ጭረት እንኳ አላስቀረም።

አምስተኛው ላይ፣ ወረቀቱ ሻካራ በሆነው ርካሽ መጽሐፍ ላይ፣ ገጹን ሲያዘነብል መስመሮች ታዩ። እጇ ደክሞ ስለነበር ተጭናዋለች። እሱ ያነባል፣ እኔ በወረቀት እጽፋለሁ። አንዱን ፊደል ለማግኘት መጽሐፉን አሥር ጊዜ ያዞራል። እስከ እኩለ ቀን ቆየንበት። የተነበበው ይኸው ነው፦

«ይኸው ዕድሜ ልኬን አወራሁ። አሁን የምታወራው አንተ፣ የምሰማው እኔ። የማን ቤት እንደገባህ፣ ማን ምን እንዳለህ ንገረኝ። ድምፅህ ናፈቀኝ። በአራት መጽሐፍ ጠየቅኩህ፣ መልስ አልሰጠኸኝም። ካልሆነልህ ግድ የለም። አልተቀየምኩህም።»

ከሥሩ አንድ ቃል ነበር፤ እሱን ማንበብ አልቻልንም።

«አራት ጊዜ» አለ ጋሼ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «እኔ እኮ... እሷ መናገር እያማራት እኔ ፊቷ ላይ ባወራ፣ እግር ላጣ ሰው ፊት መጨፈር መሰለኝ። ለዚህ ነው ዝም ያልኩት። እንዳይከፋት ብዬ ነው።»

የጻፍኩበትን ወረቀት አጥፌ እጁ ላይ አኖርኩለት።

ወረቀቱን እንደያዘ ተነሣና መኝታ ቤት ገባ። ተከተልኩት። አልጋው እንደተነጠፈ ነው። ጠርዙ አጠገብ ወንበር አስጠግቶ ተቀመጠና ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ያን ሰኞ» አለ፣ ወደ ትራሱ እያየ፣ «ቀዶ ጥገና ካደረግሽ በኋላ ሥራ በገባሁበት ሰኞ፣ መጀመሪያ የገባሁት ጡረተኛው መምህር ቤት ነው። ቁጥሩን ስጽፍ ከኋላዬ ቆሞ አጻጻፌን ያርማል። ‹ሰባትህ አንድ ይመስላል› አለኝ...»

ድምፁን የመምህር አደረገው። ከዚያ አስገብታ በር ቆልፋበት ዘይት ልትገዛ ሄዳ ስለረሳችው ሴትዮ አወራ፤ አጥር ዘሎ ሲወጣ ሌባ ነው ብለው ስለያዙት ጎረቤቶች፣ «ቆጣሪ ነኝ! ቆጣሪ አንባቢ!» እያለ ደብተሩን ሲያውለበልብ። የሴትዮዋን አነጋገር፣ የጎረቤቶቹን ጩኸት፣ የውሻውን ሳይቀር ያስመስለዋል። ያ አፉን ቆልፎ የኖረ ሰው! ሳላስበው ሳቄ አመለጠኝ፤ ከት ብዬ ሳቅኩ። ወዲያው አፌን ያዝኩ።

ይህ ሁሉ ነበረው። በየቀኑ ይህን ሁሉ ይዞ እየገባ ጀርባውን ሰጥቷት ተቀምጧል። እሷም እዚህ አልጋ ላይ ተኝታ ይህንኑ ስትጠብቅ ስድስት ወር ቆየች። እኔ ደግሞ በሁለቱ መሃል መጽሐፍ እያመላለስኩ ነበር።

እንባዬን ሲያይ አቋረጠ።

«ላቁም፣ ትንሿ?»

«አታቁም» አልኩት። «ገና የአንድ ቀኑን ነው የነገርካት።»